ሰው የማይገባበት ፎቶ

የእህቴን ባል በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ቀና በል» ነው የሚለው። ዕድሜውን በአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚመጣውን ሁሉ በሁለት ጣቱ አየሩን ወደ ላይ እየገፋ «ቀና በል»፣ «ቀና በይ» ሲል ኖረ። ሰዉም ቃሉን መልሶ ለእሱው ስም አደረገለት። እሱ አይከፋውም፤ እንዲያውም መንገድ ላይ አንዱ በዚህ ስም ሲጠራው ሳያስበው አገጩን ከፍ ያደርጋል። እኔ የሚስቱ ታናሽ እህት ስለሆንኩ ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ ከኋላው ግን እንደ ሰዉ ነኝ።

ፎቶ ቤቱ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች ክፍል ናት። ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ጣሪያው ይንኳኳል። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ እሱ ለመታወቂያ ነው። ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሐይቅ ተስሏል፤ ከጀርባው ተራራ፣ ከዳር ጀልባ፣ መሐል ላይ ዳክዬዎች። የሳለው ታፔላ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ሐይቅ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ተራራው ውሃው ውስጥ ሲታይ እንኳ አልተገለበጠም። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ልጇን ያቀፈችው እናት ሁሉ እዚያ ሐይቅ ፊት ቆሞ ተነስቷል። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል፤ ሸሚዙ ያላማረለት ሰው ለብሶት ይነሳና መልሶ ይሰቅለዋል። የሰፈራችን ሰው ግማሹ መታወቂያው ላይ የለበሰው ያንኑ ኮት ነው።

ኮቱን የምታጥበውና የምትተኩሰው እህቴ ነበረች። ታላቄ ናትና እትዬ እላታለሁ። ቀኑን አንድ ልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ስትተኩስ ትውልና ከሥራ ስትወጣ ፎቶ ቤቱ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። እዚያ ተቀምጣ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው በሳቅ ታፈርሰዋለች። እሷ ራሷ ቀጥ ብላ መሳቅ አታውቅም፤ ከወገቧ እጥፍ ትልና ፊቷን ጉልበቷ ላይ ልትደፋው ምንም አይቀራት። እናታችን «ይቺ ልጅ ሳቋ መሬት ወድቆባት የምትፈልገው ትመስላለች» ትል ነበር።

ይህ ለቀና በል የዘወትር ራስ ምታት ነበር። ጥርስ የታየበትን ፎቶ ቢሮው ይመልሰዋል፤ ባለጉዳዩም ተመልሶ መጥቶ የሚጮኸው እሱ ላይ ነው። «ሰውን እያሳቅሽ አትላኪብኝ» ይላታል። እሷ ደግሞ «እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ እያስለቀስኩ እልክልሃለሁ» ብላው ታጎነብሳለች። ተጣልተው ግን አይቼ አላውቅም፤ እሱ ያጉረመርማል፣ እሷ ትስቃለች፣ ትዳሩም በዚህ ጸንቶ ኖረ።

ፎቶ አንሺ ቤት የምትኖር ሴት ፎቶ የምትሰቅልበት ግድግዳ የምታጣ ይመስላል። እነሱ ቤት የነበረው የእትዬ ፎቶ ግን አንድ የሠርግና አንድ የመታወቂያ ብቻ ነው። የሠርጉ አርጅቶ ደብዝዟል፣ ፊቷም በዓይነ ርግቡ ተሸፍኗል። የመታወቂያውን ያነሳው እሱ ነው፤ ያንኑ ጥቁር ኮት አልብሶ፣ አፏን አስገጥሞ። ከዚያ በኋላ «ነገ አነሳሻለሁ» እንዳለ ዓመታቱ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሲያይ የዋለ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ደግሞ ሌላ ፊት በካሜራ ማየት አያምረውም ነበር። እኔ ስነዘንዘው እትዬ በክርኗ ትጎስመኛለች። «ተይው እስቲ፣ ደክሞታል» ትለኛለች።

የሚያምረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው የማይገባበት ፎቶ። ያንን የግድግዳ ሐይቅ ዘመኑን ሙሉ ሰው እየሸፈነበት እንደኖረ ሲያወራ፣ ሐይቁ የራሱ ሆኖ ሰው የቀማው ነበር የሚመስለው። አንድ ቀን ኪስ ውስጥ የምትገባ ጥሩ ካሜራ ገዝቶ፣ እውነተኛውን ሐይቅና እውነተኛውን ተራራ ሊያነሳ ለራሱ ቃል ገባ። የፎቶ ቤቱ ካሜራ ከነማቆሚያው ጉዞ የሚወጣበት አይደለም፣ ትከሻውም አርጅቷል። በኋላ ቢሮዎቹ ራሳቸው በኮምፒውተር ማንሳት ጀመሩ፤ የቀረውን ደንበኛም ስልክ ወሰደው። እትዬም ጡረታ ወጣች። «በል እንግዲህ፣ ካሜራህን ግዛና እንሂድ፤ እኔም የማውቀው ሐይቅ ዳክዬው የማይንቀሳቀሰውን ብቻ ነው» አለችው።

ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ የተጨነቀ አይመስለኝም። ከሱቅ ሱቅ ዞረ፤ ያነሳል፣ ይመዝናል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ማታ እራት ላይ እኔና እትዬን ቁጭ አድርጎ ያስተምረናል። የሜጋፒክስል ብዛት ሰው ማታለያ ነው ይላል፤ ዋናው ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር የሚባለው ነገር ስፋት ነው፤ እሱ ትንሽ ከሆነ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትገባ ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ማየት አለበት፤ አለዚያ ተራራውን እግሩን ወይ ራሱን ቆርጦ ያስቀረዋል። ኪስ ውስጥ ካልገባም ዋጋ የለውም፤ ከሻንጣ እስኪወጣ ብርሃኑ አይጠብቅም። እኔ ሾርባዬን እጠጣለሁ። እትዬ ግን የምር ትሰማው ነበር፤ ይህን ሰው ስለ ሥራው በደስታ ሲያወራ ያየችው ያኔ ነው።

በመጨረሻ መነጽር የምታደርግ አንዲት ሴት ሱቅ ውስጥ ምርጫው ጠበበ። እኔም ለማላገጥ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ባለ መነጽሯ መጀመሪያ ያወጣችለት ሌንሱ እየረዘመ የሚወጣውን ነው፤ ከማዶ ያለውን ፍየል ቀንዱን ያሳያል። እሱን ቶሎ ጣለው፤ ሲረዝም ብርሃን ማስገባቱ ይቀንሳል፣ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠም ፎቶው ይንቀጠቀጣል አለ። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ምንም የማያረዝም፣ ቁርጥ ያለ ሰፊ ሌንስ ያለው፣ ሴንሰሩ ትልቅ፣ እንደ ሳሙና የሚያዝ። ሌላው ሴንሰሩ አነስ ያለ፣ ነገር ግን ስክሪኑ ተገልብጦ ወደ ፊት የሚዞር፣ የሚያነሳውም ሰው ራሱን እያየ የሚገባበት።

እትዬ ይህንን ሁለተኛውን አነሳችው። ስክሪኑን ገለበጠችና ክንዷን ዘርግታ ከባሏ ጎን ተጠጋች። ሁለቱም ታዩ፤ እሷ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እሱ ቅንድቡን ቋጥሮ። እሱም በልማድ «ቀና በይ» አላት። እሷ በዚህ ሳቀችና እንደ ልማዷ እጥፍ ስትል፣ ስክሪኑ ላይ ቀና በል ብቻውን ቀረ። ካሜራው የመደርደሪያ ማሳያ ስለሆነ ሚሞሪ ካርድ የለበትም ነበርና ያ ፎቶ የትም አልተቀመጠም።

ባለ መነጽሯ ለጉዞ ይሄኛው ይሻላል ብትለው፣ ሁለት ሆነው ስለሚሄዱ ትዝታ ያስቀርላችኋል ብትለው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ፊት ማንሳት ጨርሻለሁ» አላት። «የምፈልገው መልክዓ ምድር ነው። ለተራራ ወደ ኋላ የሚዞር ስክሪን ምን ያደርግለታል?»

ልጅቷ ወደ እትዬ አየት አደረገች። ከዚያ ለመልክዓ ምድር ከሆነስ ሰፊ ሌንስ ያለው እንደሚበልጥ አመነችለት። ቀና በል በእውቀቱ ልክ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያበግነኝም ልክ መሆኑ ነው። እትዬ ስክሪኑን መልሳ ገጥማ የመደርደሪያው መስታወት ላይ አስቀመጠችው። «እሱ የወደደው ይሁን፣ የሚያነሳው እሱ ነው» አለች።

ጉዟቸውን የሰማሁት ከሁለቱም አፍ ነው፤ እሱ ብርሃኑን ነገረኝ፣ እሷ ደግሞ እሱን ነገረችኝ። ሰማይ ሳይነጣ ይቀሰቅሳታል። ባትሪ በብርድ ይደክማል ብሎ መለዋወጫውን እንድታሞቅለት ብብቷ ውስጥ ያስይዛታል። «ዶሮ አደረገኝ እኮ፤ ባትሪ አስታቀፈኝ» አለችኝ። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያስገባል፤ ካሜራውም እንደ ሌላው ማጥበብ አይችልም። ስለዚህ ከፎቶው የምትወጣው እሷ ናት። «ወደ ቀኝ፣ አሁንም ወደ ቀኝ እያለ ድንበር ሊያሻግረኝ ነበር» ብላ ስትስቅ ሻይዋን ደፋችው። በኋላ መላውን አገኘችና ሁልጊዜ ከጀርባው መቆም ጀመረች።

አንድ ጊዜ ብቻ ገባችበት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀና በል ሐይቁን፣ ተራራውንና ከተራራው ላይ የሚወርደውን ደመና አንድ ላይ ሊይዝ ሲጠብቅ ቆይቷል። ልክ ሊጫን ሲል ነፋሱ ከእትዬ አንገት ላይ ሰማያዊ ሻርፗን ወሰደው። እሷ ነገር ዓለሙን ረስታ ተከትላው ሮጠች፤ ከካሜራው ፊት ለፊት አየር ላይ ያዘችው፣ እጇን እንደሰቀለች በራሷ ስትስቅ የእሱ ጣት ተጫነ። እሱ ስክሪኑን አየና «አበላሸሽው» አላት። እሷ እስኪ አሳየኝ ብላ እየሮጠች እስክትደርስ አጥፍቶታል።

ይህንን ስትነግረኝ እያሳቀችኝ ነበር። እሱም እዚያው ተቀምጦ ደመናው ዳግመኛ እንደዚያ እንዳልወረደ ያስረዳል። ሳቃችን ሲበርድ ግን ሻርፗን ጉልበቷ ላይ አጠፈችና «ምን መስዬ እንደነበር አላየሁም» አለች። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

ከተመለሱ ብዙ ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት እትዬ ያንን ጥቁር ኮት ስትተኩስ ደረቴን ጨመቀኝ ብላ ተቀመጠች። ሐኪም ቤት ደርሰናል፤ ከዚያ ወዲያ ያደረግነው ነገር ሁሉ ለእኛ እንጂ ለእሷ አልጠቀመም። ማመን አቃተኝ። እስከ ዛሬም ስልኬ ሲጮህ እሷ ትመስለኛለች።

በቀብሩ ዕለት ከሳጥኑ ፊት የሚያዝ ፎቶ አስፈለገ። ቀና በል ከቤት ወጣና ፎቶ ቤቱ ገብቶ ቆለፈ፤ ሲመለስ ትልቅ ክፈፍ ይዞ ነበር። የመታወቂያዋን ፎቶ አሳድጎ አትሞታል። ጥቁሩ ኮት፣ የተገጠመ አፍ፣ ቀጥ ያለ አንገት። የልብስ ንጽሕና ቤቱ ባልደረቦቿ መጥተው አይተው እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ቀስ ብላ «እሷ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ያን ጊዜ ከሐዘኑ ንዴቱ በለጠብኝ። ሰው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ክፈፉን ቀና በል ፊት አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ይቺ ማናት?» አልኩት። «እህቴ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሆና ታውቃለች?»

አንገቱን ደፋ። ያንን ሰው አንገቱን ሲደፋ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ክፉ ቃል ነበር የተናገርኩት፣ ግን እውነት ነበር፤ እሱም ያውቀዋል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጠይቀው ስሄድ የጉዞውን ፎቶ ሁሉ አትሞ ጠረጴዛው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ወለሉ ላይ ዘርግቶት አገኘሁ። ፎቶዎቹ ውብ ናቸው፤ ልዋሽ አልችልም። ጎህ፣ ጭጋግ፣ ውሃው ላይ በትክክል የተገለበጠ ተራራ። እሱ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ይመረምራቸዋል። ጥላዋ የሆነ ቦታ ይኖር እንደሆነ፣ የጫማዋ ጫፍ፣ የቀሚሷ ጠርዝ። እኔም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጬ መፈለግ ጀመርኩ። ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነውና የትም የለችም። እትዬም ሂጂ ሲላት የምትሄድ ሰው ነበረች።

«ከጀርባዬ ነበረች እኮ» አለኝ። «ሁሉም ላይ ከጀርባዬ ነበረች።»

የሻርፑን ፎቶ ወሬ ያነሳሁበት እኔ ነኝ። ስሙን ስጠራው ፊቱ ተለወጠ፤ ለካ እሱም ከቀብሩ ጀምሮ ሌላ አላሰበም። የጠፋ ፎቶ አንዳንዴ እንደሚመለስ ከሰው ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን አልተመለሰም የሚለውን ቃል መስማት ፈርቶ ካሜራውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ፎቶዎቹን ለማተም ከመቅዳት በቀር ከዚያ ጉዞ ወዲህ አንድም አላነሳበትም፤ ካርዱም ያው ውስጡ ነው። በነጋታው ካሜራውን ይዘን ወደ ባለ መነጽሯ ሱቅ ሄድን።

ልጅቷ አስታወሰችን። ከሦስታችን አንዷ ስትጎድል እኔን አየችኝ፤ በዓይኔ ነገርኳት። ካርዱን በጨርቅ እየጠረገች ነገሩን ለቀና በል አስረዳችው። «የሚጠፋ ፎቶ ወዲያው አይሄድም አባባ» አለችው። «ካሜራው ቦታውን ባዶ ነው ብሎ ይይዘዋል እንጂ ፎቶው እዚያው አለ። ሌላ ፎቶ መጥቶ እስኪያርፍበት ድረስ ይቆያል። ካጠፉት በኋላ አንስተውበታል?»

ቀና በል ካርዱን አየ። «ፀሐይዋ ስትገባ አነሳሁ» አላት። «በጣም ቆንጆ ነበረች።»

ልጅቷ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችና ሥራዋን ጀመረች። እኛ መስታወቱ አጠገብ ቆመን ጠበቅን። ያ ስክሪኑ የሚዞረው ካሜራ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ሌላ ዕቃ ተቀምጧል። ቀና በል ቦታውን አይቶ ዓይኑን መለሰ። የለበሰውን ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ ያንን የፎቶ ቤቱን ጥቁር ኮት ለብሷል፤ አንደኛው እጅጌው ተተኩሷል፣ ሌላው አልተተኮሰም።

በመጨረሻ ልጅቷ ወንበር ስባ «ይቀመጡ አባባ» አለችው። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች መከፈት ጀመረ። መጀመሪያ ሰማዩ መጣ። ቀጥሎ የተራራው አናት፣ ቀጥሎ ያ ሲጠብቀው የነበረው ደመና። ከዚያ በቀኝ በኩል፣ አየር ላይ፣ ሰማያዊው ሻርፕ፤ ሥሩ የእህቴ እጅ፣ የጋብቻ ቀለበቷ በቦታው። ከእጇ ዝቅ ብሎ ጸጉሯ ታየ፤ መሐል ለመሐል የተከፈለው መስመር፣ ሽበቷ ሁሉ ጥርት ብሎ። ፊቷ ሊመጣ ነው ስል ፎቶው እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አመድማ ነው፤ እስከ ታች ድረስ ምንም የለም።

ልጅቷ እንደገና ሞከረች፣ በሌላ መንገድም ሞከረች፤ ያው ሆነ። «ከዚህ በታች ያለው ላይ የፀሐይዋ ፎቶ አርፎበታል» አለች።

እኔ ከወንበሩ ጀርባ ቆሜ እንባዬን ለቀቅሁት። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። እትዬ እየሳቀች ነበርና እጥፍ ብላለች፤ ቀጥ ብላ ብትቆም ኖሮ ፊቷ ከአመዱ በላይ ይውል ነበር። ለዓይኗ የጎደለው ጥቂት ነው፣ አገጯን ከፍ ብታደርግ የሚደርስ።

ቀና በልም ገብቶታል። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። መነጽሩን አወለቀ፣ በኮቱ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገ። ከዚያ ሁለት ጣቶቹን አንስቶ፣ ደንበኛ ፊት እንደሚያደርገው አየሩን በቀስታ ወደ ላይ ገፋ።

«ቀና በይ» አላት። ትንሽ ጠበቀና ደገመው።